ከወንጌል ተልእኮ ጉዞ የሚመጡ ፎቶዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተልእኮ ቡድኑ ገና ለመመለስ አውሮፕላን ሳይሳፈር ፎቶዎቹ በቴሌግራም ደርሰዋል። በጸሎትና በገንዘብ የላኩ ምእመናን አገልግሎቱን ለማየት መጓጓታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ተጓዡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ግን እዚያው ይኖራል። ከዚህ በታች ያሉት ስሕተቶች ሁሉ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው።

«ፈገግ ካለ ፈቅዷል»

ፈገግታ እንግዳን ማክበሪያ ሊሆን ይችላል። ደግሞም መነሣትና መጋራት ሁለት ፈቃድ ነው። «ላንሣህ?» ሲባል እሺ ያለ ሰው፣ ፊቱ በማያውቃቸው ሰዎች ስልክ ላይ እንዲዞር እሺ አላለም። መድኃኒት ለመቀበል ወረፋ የያዘችን እናት መጠየቅማ ከጥያቄ አይቆጠርም፤ እምቢ ካለች የሚቀርባት ነገር ያለ ይመስላታል። ከእርዳታው ጋር ሳይያያዝ፣ በራሷ ቋንቋ፣ በምታምነው የአገሬው አገልጋይ በኩል ትጠየቅ። የት እንደሚታይ ይነገራት፤ ምስሉን ትየው፤ «አልወደድኩትም» ካለች እያየች ይጥፋ።

የሕፃናት ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 16 የልጆችን የግል ሕይወት ይጠብቃል። የወላጅ ፈቃድ የግድ ነው፤ የልጁም ፍላጎት ይጠየቅ። «የተጣለች» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ፎቶ ልጅቷ አድጋ ሥራ ስትፈልግም ከኢንተርኔት ላይ ሊገኝ ይችላል።

«ችግሩን ካላሳየን ማንም አይረዳም»

ፎቶ ኃይል እንዳለው አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1904 እንግሊዛዊቷ ሚሲዮናዊት አሊስ ሲሊ ሃሪስ በኮንጎ፣ ባሪንጋ በተባለ ሥፍራ፣ ንሳላ የሚባል አባት የተቆረጡ የልጁን እጅና እግር ቁጭ ብሎ ሲመለከት አነሣችው። እንዲህ ያሉ ምስሎች በብሪታንያና በአሜሪካ አዳራሾች ታይተው ሕዝብን ቀሰቀሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ኮንጎን እንደ ግል ንብረቱ ይገዛ የነበረው የቤልጅየም ንጉሥ ሊዮፖልድ ግዛቱን ለቤልጅየም መንግሥት ለማስረከብ ተገደደ። ግን ልብ በሉ፦ ያ ፎቶ ከሰሰ። በዳዩን አጋለጠ፤ የተበደለው አባትም ስም አለው። ስም የሌለው፣ እንባና ዝንብ ፊቱን የሸፈነው ሕፃን በአንድ እንግዳ ክንድ ላይ የታየበት ፎቶ ግን ማንንም አይከስም፤ የሚያሳየው የእንግዳውን ደግነት ነው። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ እንዲህ ብትነሣ እለጥፈዋለሁ ወይ? እኔ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላገኘሁም።

«ስም ካልጻፍኩ ማንም አያውቀውም»

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ይህ ነው። ስልክ ፎቶ ሲያነሣ የቦታ መረጃ ከተከፈተለት የቆምንበትን ሥፍራ ከሰዓቱ ጋር በፋይሉ ውስጥ ይመዘግባል። ቴሌግራም ላይ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ መረጃው ይወገዳል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ተብሎ እንደ ፋይል ሲላክ ግን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት የካሜራውን የቦታ ምዝገባ መዝጋት ነው። እሱም ቢዘጋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ የሱቅ ታፔላ፣ ከበስተጀርባ ያለ ተራራ ለሚያውቅ ሰው ይናገራሉ።

ሃይማኖት መቀየር በሚያሳስርበት ወይም ከቤተሰብ በሚያስባርርበት አገር የአንድ ጥምቀት ፎቶ አማኙን ያጋልጠዋል። ፊትን ማደብዘዝ አይበቃም፤ ወንድም ወንድሙን በትከሻውና በሸሚዙ ያውቀዋል። እዚያ ካሜራው ከኪስ ባይወጣ ይሻላል፤ ቡድኑም ሲሄድ አንድ ላይ ይስማማ፣ አንዱ የጠበቀውን ሌላው እንዳይለጥፈው።

«መንገድ ላይ የሚታይ ሁሉ ይነሣል»

አይነሣም። በብዙ አገሮች የጦር ሰፈርን፣ ኬላን፣ አየር ማረፊያን፣ አንዳንዴም ድልድይን ማንሣት ክልክል ነው። ጣጣው የሚተርፈው ደግሞ ለተቀበለን አስተናጋጅ ነው።

«እንግዲያው ጨርሶ አለማንሣት ነው»

ይህም ስሕተት ነው። አስተማማኝ በሆነበት ቦታ የአገሬው መጋቢ ሲያስተምር፣ እንግዳው ቁጭ ብሎ ሲማር ይነሣ። እንደዚህ ያሉ ፎቶዎች ጥቂት መሆናቸው ያሳዝነኛል። ከሁሉ የምወደው ግን ለደጋፊ የማይላከውን ፎቶ ነው፦ ቤተሰቡ የሚወደውን ልብስ ለብሶ፣ እንደ ፈለገ ተሰልፎ ይነሣል፤ በትንሽ ማተሚያ እዚያው ታትሞ ለአያትየው ይሰጣል፤ ከስልኩም ይጠፋል።