ስለ ፍሮክ ኮት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፍሮክ ኮት በ19ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓና የአሜሪካ ወንዶች የክት ልብስ ነበር። ወገቡ ላይ ጠበብ ይላል፤ ከዚያ በታች ዙሪያውን እንደ ቀሚስ ሰፍቶ እስከ ጉልበት ድረስ ይወርዳል። ዛሬም ለሠርጉ፣ ለመድረክ ወይም ስለወደደው ብቻ የሚፈልገው ሰው አለ፤ ሆኖም ሻጩም ገዢውም እየተቀባበሉ የሚናገሯቸው አንዳንድ የተሳሳቱ አባባሎች ብዙውን ሰው ላልሆነ ወጪ ይዳርጉታል።

«ረጅም ጥቁር ኮት ሁሉ ፍሮክ ኮት ነው።»

መለያው ርዝመቱም ቀለሙም ሳይሆን ወገቡ ላይ ያለው ስፌት ነው። ከ1820ዎቹ ወዲህ የፍሮክ ኮት የላይኛው አካልና የታችኛው ክፍል ለየብቻ ተቆርጠው ወገብ ላይ በአግድም ስፌት ይጋጠማሉ፤ ወገቡ ሳይጨማደድ መጥበብ፣ የታችኛው ክፍልም እንደ ልብ መስፋት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ካፖርት ግን ከትከሻው እስከ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የፊቱ ጫፍ ከወገብ ጀምሮ ወደ ኋላ እየሸሸ የሚሄደው ኮት ደግሞ ሞርኒንግ ኮት የሚባለው ነው፤ ከፊት በወገብ ልክ ተቆርጦ ከኋላ ብቻ ጅራት ያለው የምሽት ልብስም ሌላ ነው። ካፖርት እንዳይሆን ጥርጣሬ ሲኖር ኮቱን ገልብጦ ጀርባውን ማየት ይበቃል፤ ወገቡ ላይ ሁለት ቁልፎች፣ በመካከላቸው ወደ ታች የሚወርድ ቅድ፣ ከቅዱ ግራና ቀኝ ደግሞ ሽንሽን ይገኛል። በጥንታዊዎቹ ላይ እጅን ወደ ሽንሽኑ ውስጥ ቢሰዱ የተደበቀ ኪስ ያገኛሉ። የፊቱን ፎቶ ብቻ ለሚያሳይ ሻጭ ገንዘብ ከመላክ በፊት የጀርባውን ፎቶ መጠየቅ ይገባል።

«በመኪና የተሰፋ ከሆነ ጥንታዊ አይደለም።»

ኤልያስ ሃው የስፌት መኪናውን የፈጠራ መብት በአሜሪካ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1846፣ አይዛክ ሲንገር ደግሞ የራሱን በ1851 ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ በተሠራ ኮት ረጃጅም ስፌቶች ላይ የመኪና ስፌት መገኘቱ አያስደንቅም። ይልቅ ገበሩን መመርመር ይሻላል። ፖሊስተር ክር እንግሊዝ ውስጥ የተፈለሰፈው በ1941 ነው፤ ስለዚህ የንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ነው የተባለ ኮት ፖሊስተር ገበር ካለው፣ ወይ ገበሩ ተቀይሯል ወይ ሻጩ እውነቱን አልተናገረም።

«ለመልበስ ከሁሉም የሚሻለው ጥንታዊው ነው።»

ይህ አባባል ከሁሉም በላይ ገንዘብ ያስከፍላል። ጥንታዊ ኮት ባብዛኛው ለአንድ ሰው አካል ተለክቶ የተሰፋ ስለሆነ ለሌላው ሰው ልክ የሚሆነው በአጋጣሚ ነው። ሐሩም ያሰጋል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሐር ክብደት እንዲኖረው የብረታ ብረት ጨው ይጨመርበት ስለነበር፣ እንዲህ ያለው ገበር ሲያረጅ በቁመቱ እየተሰነጠቀ ይበጣጠሳል፤ አንድ ጊዜ ክንድን ማንሳት ሊቀደው ይችላል። እኔም ለንደን ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛሁትን ኮት ቤቴ ገብቼ ኮሌታውን ብገለብጠው፣ ከላይ ምንም ያልነበረበት ሱፍ ከሥሩ በብል ተበልቶ እንደ ወንፊት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዛሬም ተሰቅሎ ይታያል እንጂ አይለበስም።

ለመልበስ የሚሻለው በጥንቱ አቆራረጥ አዲስ የተሰፋ ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትን (1861–1865) በትዕይንት የሚያሳዩ ሰዎች ስላሉ፣ ለእነርሱ የመኮንን ፍሮክ ኮት ከሱፍ የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የሲቪሉንም ይሠራሉ። በሰፈር ልብስ ሰፊ ማሠራትም ይቻላል፤ ነገር ግን ከደረትና ከእጅጌ ልክ በተጨማሪ ከማጅራት አጥንት እስከ ወገብ ያለው ርዝመት መለካት አለበት፤ የወገቡ ስፌት ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ካለ የኮቱ መልክ በሙሉ ይበላሻልና።

«ስለሚጣበቅ ክንድ አያንቀሳቅስም።»

ይህ ስም የወጣለት በርካሽ የትዕይንት ልብሶች ምክንያት ይመስለኛል። በእነዚያ ላይ የእጅጌው መግቢያ ከብብት በጣም ዝቅ ብሎ ስለሚቆረጥ፣ ክንድ ሲነሳ ኮቱ በሙሉ አብሮ ይነሳል። በጥንቱ አቆራረጥ ግን መግቢያው ጠባብና ወደ ብብት የተጠጋ ነው፤ እጅጌው ብቻውን ሲንቀሳቀስ ወገቡ ከቦታው አይነቃነቅም። በርግጥ ሰፊ ኮት ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ግር ማሰኘቱ አይቀርም።

«የምሽት ግብዣ ልብስ ነው።»

የቀን ልብስ ነው። በብሪታንያ ቤተ መንግሥት ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ በ1936 አስቀርቶ በሞርኒንግ ኮት እስኪተካው ድረስ የቀን ሥነ ሥርዓት ልብስ ነበር። የሚለበሰው ከሰደርያና ብዙ ጊዜ ቀለሙ ከኮቱ ከሚለይ ሱሪ ጋር ነው። ሱሪው ወገብ ድረስ ከፍ የሚል ካልሆነ ከሰደርያው ሥር ሸሚዝ ብቅ ይላል፤ ጂንስ የማይስማማው ለዚህ ነው።

«ዛሬ በቁም ነገር የሚለብሰው የለም።»

የብሪታንያ ንጉሣዊ ዘብ መኮንኖች ጥቁር ሰማያዊውን ፍሮክ ኮት እስከ ዛሬ ይለብሳሉ። በእስራኤልና በኒውዮርክ የሚኖሩ አንባቢዎች ደግሞ ያገቡ የሐባድ (ሐሲዲም ከሚባሉት ጥብቅ ሃይማኖተኛ አይሁዶች የአንዱ ቡድን) ወንዶች በሰንበት የሚለብሱትን ካፖታ አይተው ይሆናል፤ እርሱም ደረቱ የሚደራረብ ፍሮክ ኮት ስለሆነ፣ በብሩክሊን ዛሬም ለመሸጥ ይሰፋል። ያገለገለ ካፖታ በርካሽ ያገኘ ሰው ግን ቁልፉን አስቀድሞ ይመልከት፤ በሐሲዲም ልማድ የሚደረበው ቀኙ በግራው ላይ ስለሆነ፣ ከተለመደው የወንድ ኮት በተቃራኒ ይቆለፋል።