በአዲስ አበባ ዳርቻ የአሮጌ የስፖርት መኪኖች የስምና የአርማ ውዝግብ

የስምና የአርማ ውዝግብ የሚባለው፣ ዕድሜ ጠገብ የስፖርት መኪኖችን በሚሰበስቡና በሚያድሱ ሰዎች መካከል፣ አንድ መኪና በትክክል ምን ተብሎ መጠራት እንዳለበት፣ በአካሉ ላይ ያለው ጽሑፍም የራሱ ይሁን ከሌላ የተዋሰ በሚል የሚነሳ ክርክር ነው። በአዲስ አበባ ክርክሩ ከመሃል ከተማ ይልቅ በዳርቻው፣ በቃሊቲና በገላን፣ በለገጣፎና በቡራዩ አካባቢ ባሉ ጋራዦች ይደምቃል፤ እድሳቱ ዓመታት የሚፈጅ መኪና ሰፊ ግቢ ይፈልጋል፣ በመሃል ከተማ ኪራይ ደግሞ ሰፊ ግቢ የሚታሰብ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ እጅግ አንሮታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ እዚህ የሚገኝ አሮጌ ፊያት፣ አልፋ ሮሜዮ ወይም ካርማን ጊያ አብዛኛውን ጊዜ ድሮ የገባ፣ ብዙ ባለቤት የቀያየረና በየጊዜው ከሌላ መኪና የተፈታ ዕቃ የተገጠመለት ነው። አርማውም ከተፈቱት ዕቃዎች አንዱ ሊሆን ይችላል።

የከተማው ሰው መኪናን በራሱ መንገድ መሰየም የለመደ መሆኑም ነገሩን ያወሳስበዋል። ቶዮታ ሃይኤስ «ዶልፊን» ሆኗል፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራው ኮሮላ ከኋላው ከተለጠፉት ሁለት ፊደሎች ተነስቶ «ዲኤክስ» ተብሎ ቀርቷል፣ ፊደሎቹ ግን የምቾት ደረጃውን እንጂ የመኪናውን ስም የሚያመለክቱ አልነበሩም። ትንሹ ቮልስዋገን በፋብሪካው መዝገብ ለረጅም ጊዜ «ታይፕ 1» ነበር፤ ሕዝቡ ያወጣለትን «ጥንዚዛ» የሚል ስም ፋብሪካው ራሱ ለማስታወቂያ የተጠቀመበት በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። አዲስ አበባ ሁለቱንም ትታ «ቮልስ» ብላዋለች።

ስም በሕግ ሲቀየር ከሁሉም ጎልቶ የሚጠቀሰው የፖርሽ ታሪክ ነው። ኩባንያው አዲሱን መኪናውን በመስከረም 1963 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት የመኪና ትርዒት ላይ ያቀረበው «901» ብሎ ነበር። ፔዦ ከ1929 ጀምሮ፣ ከ201 አንስቶ፣ መካከላቸው ዜሮ የሆኑ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥሮችን ለመኪኖቹ ስም ሲጠቀም ስለነበር በፈረንሳይ መብቱ የእኔ ነው ብሎ ተቃወመ፤ ፖርሽም በ1964 ዜሮውን በአንድ ተክቶ «911» አለው። በ901 ስም የተሠሩት 82 ብቻ ናቸው። ከእነዚህ 57ኛው በ2014 እ.ኤ.አ. ከአንድ ጎተራ በዛገ ሁኔታ ተገኝቶ፣ ሦስት ዓመት የፈጀ እድሳት ተደርጎለት በኩባንያው ሙዚየም ለእይታ ቀርቧል። የሚገርመው ግን ፖርሽ ለውድድር የሠራቸው 906 እና 908 ዜሯቸውን ይዘው መቅረታቸው ነው፤ ፌራሪም ኋላ 308ን ሲያወጣ ስሙን እንዲቀይር አልተገደደም። 911 መጀመሪያ 901 ስለነበር የቀድሞዎቹ 911ዎች ብዙ የመለዋወጫ ቁጥሮች በ901 ይጀምራሉ፤ ይህን የማያውቅ ገዢ ዕቃው ላይ ቁጥሩን ሲያይ ብርቅ መኪና ያገኘ ይመስለዋል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያነታርከው ዲኖ ነው። ኤንዞ ፌራሪ በ1956 እ.ኤ.አ. በ24 ዓመቱ ለሞተው ልጁ ለአልፍሬዶ መታሰቢያ፣ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ያላቸውን ትናንሽ መኪኖች በልጁ የቁልምጫ ስም «ዲኖ» ብሎ ሲያወጣቸው የፌራሪን ስምም ሆነ የፈረሱን ምልክት አልለጠፈባቸውም፤ አፍንጫቸው ላይ ያለው በቢጫ መደብ የተጻፈ የዲኖ ፊርማ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዲኖ 206 ጂቲ 2.0 ሊትር፣ ቀጥሎ የመጣው 246 ደግሞ 2.4 ሊትር ሞተር ነበረው፤ ስማቸውም የሊትሩና የሲሊንደሩ ቁጥር ጥምር ነው። እስከ 1974 ከ3,500 በላይ 246ዎች ተሠሩ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቶች፣ አንዳንድ ጊዜም ራሳቸው ሻጮች፣ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ወይም «ፌራሪ አይደለም» የሚለውን ሐሜት ለማስቀረት ፈረሱን ለጠፉበት። በእኔ እይታ ፈረስ የተለጠፈበት ዲኖ ከሌለበት ያነሰ ታሪክ ነው ያለው፤ አባት ሆን ብሎ የተወውን ነገር መመለስ እድሳት አይባልም። ተቃራኒው ወገንም ክርክር አያጣም፦ መኪናውን ያሰራውና የሸጠው ፌራሪ ነው፣ የዲኖ 308 ጂቲ4ን አርማም በ1976 ኩባንያው ራሱ በፈረሱ ቀይሮታል። አርማውን ትቶ ቁጥሩን ለሚያይ ግን ሌላ ምስክር አለ። በዚያ ዘመን ፌራሪ ለመንገድ መኪኖቹ ጎዶሎ የሻንሲ ቁጥር ሲሰጥ ለዲኖ የሰጠው ሙሉ ቁጥር ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወቅት በሙሉና በጎዶሎ ሰሌዳ ተራ ገብቶ የነዳ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ፊደላትም ከቁጥር ያላነሰ ያጣላሉ። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የቀረበውና በሮቹ ወደ ላይ የሚከፈቱት መርሴዲስ 300 ኤስኤል፣ «ኤስ» የምትለው ፊደል «ስፖርት» ናት ወይስ «ሱፐር» የሚለው ለአሥርት ዓመታት አከራክሯል፤ «ኤል» ቀላልነትን እንደምታመለክት ግን ማንም አይጠራጠርም። በ2017 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ከማኅደሩ ያገኘውን ሰነድ ጠቅሶ ትርጉሙ «ሱፐር ላይሽት»፣ ማለትም እጅግ ቀላል፣ መሆኑን ቢያስታውቅም የቀድሞው አጠራር አልጠፋም። ፌራሪ 365 ጂቲቢ/4ን ሁሉም «ዴይቶና» ይለዋል፤ ስሙ ፌራሪዎች በ1967 በዴይቶና የ24 ሰዓት ውድድር ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ከመውጣታቸው የመጣ እንጂ ፋብሪካው ያወጣው አይደለም። ፎርድ ጂቲ40 ስሙን ያገኘው ከቁመቱ፣ ከ40 ኢንች ገደማ፣ ነው፤ ፎርድ ከአርባ ዓመት በኋላ ተመሳሳዩን ሲሠራ ስሙ በሌላ አነስተኛ ድርጅት እጅ ስለነበር «ፎርድ ጂቲ» ብቻ ለማለት ተገዷል።

እዚህ እኛ ጋ የሚመጣው ሙግት ከእነዚህ ያነሰ ዋጋ ያለው መኪና ላይ ይሁን እንጂ አሠራሩ ያው ነው። በገላን መንገድ ባለ አንድ ጋራዥ የቆመ ፊያት 850 ኩፔ የኋላ ኮፈኑ ላይ «ስፖርት» የሚል የብረት ጽሑፍ ነበረው። ላሜራ ሠሪው ቀለሙን ሲፍቅ ከጽሑፉ በታች በስቱኮ የተደፈኑ፣ ርቀታቸው ከጽሑፉ እግሮች ጋር የማይገጥም ትናንሽ ቀዳዳዎች ብቅ አሉ። «ጋሼ፣ ይቺ ኋላ የመጣች ናት፤ የድሮው እዚህ ጋ ነበር» አላቸው ባለቤቱን፣ ጥፍሩን ስቱኮው ላይ እየነካካ። ባለቤቱ አልተዋጠላቸውም፤ መኪናውን ከአባታቸው የተረከቡት «ስፖርት» ተብሎ ነውና። ነገሩን የወሰነው ሞተሩ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የወጣው 850 ኩፔ 843 ሲሲ ሞተር ነበረው፤ ስፖርት ኩፔ የተባለው በ1968 የተሻሻለው ሲሆን ሞተሩ 903 ሲሲ ነው። እሳቸው ጋ ያለው የመጀመሪያው ነው። ሞተሩ በመሃል ሊቀየር ይችል ነበር የሚል መከራከሪያም ቀርቦ፣ ሻንሲ ቁጥሩና ሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ሲመሳከሩ ሁለቱም ገጠሙ።

ሊብሬ በዚህ ክርክር ውስጥ የሚመሰክረው ለቁጥር እንጂ ለፊደል አይደለም። የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የተሠራበት ዓመትና የመኪናው ዓይነት ይሰፍሩበታል፤ ዓይነቱ ግን ብዙ ጊዜ በአጭሩ ስለሚጻፍ «ስፖርት»፣ «ጂቲ» ወይም «ሱፐር» የሚሉት ተቀጥላዎች የሉበትም። ሻጭ በቃል የሚጨምረው ይህንኑ ባዶ ቦታ ነው። ልምድ ያለው ገዢ መጀመሪያ ኮፈን ያስከፍታል፤ ቁጥሩ የተመታበት ብረት ዙሪያውን ተበይዶ ወይም ተሞርዶ እንደሆነ በጣቱ ይዳስሳል፣ ከዚያ ወደ ቀዳዳዎቹ ይሄዳል፣ አርማውን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። ሌላ አርማ ለጥፎ ይህንኑ በግልጽ ተናግሮ የሚሸጥ ሰው በወዳጆቹ ዘንድ አይወቀስም፤ የሚወቀሰው ዋጋውን በአርማው ልክ የሚጠራ ነው።

የገላኑ ፊያት አሁን ግራጫ የመሠረት ቀለም ተቀብቷል። ባለቤቱ የድሮዎቹ ቀዳዳዎች እንዲከፈቱ ፈቅደዋል፤ «ስፖርት» የምትለዋን ጽሑፍ ግን አልጣሏትም፤ በጨርቅ ጠቅልለው ክሩስኮቶው ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ አኑረዋታል።