ቤዳኩሊን፦ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከም የተገኘ ውህድ

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚባለው፣ ዋነኞቹ ፀረ ቲቢ መድኃኒቶች አይሶኒያዚድና ሪፋምፒሲን የማይበግሩት የበሽታው ዓይነት ነው። ለረጅም ዘመን የነበረው ሕክምና 18 ወርና ከዚያ በላይ የሚፈጅ፣ ለወራት በየቀኑ መርፌ የሚወጉበት፣ ጥቂት የማይባሉ ታካሚዎችንም የመስማት ችሎታቸውን ያሳጣ ነበር። ከሪፋምፒሲን በኋላ ለ40 ዓመት ገደማ አዲስ ዓይነት የቲቢ መድኃኒት ያልወጣው፣ በሽታው በአብዛኛው የድሃ በሽታ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያው አንዴ ለመከፈል 20 ሰዓት ያህል ስለሚወስድበት እያንዳንዱ ሙከራ ሳምንታት ይፈጃል።

በቤልጂየም ቤርሰ ከተማ በኩን አንድሪስ የተመራው የያንሰን ኩባንያ ቡድን ይህን ችግር ያለፈው፣ በጣም ፈጥኖ የሚራባውንና ለሰው እምብዛም አደገኛ ያልሆነውን የቲቢ ባክቴሪያ ዘመድ፣ ማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስን፣ በመጠቀም ነው። ውህዶቹ የተፈተኑት ተነጥሎ በወጣ ኢንዛይም ላይ ሳይሆን ሕይወት ባለው ባክቴሪያ ላይ ስለነበር፣ ገዳዩ ውህድ፣ ቤዳኩሊን፣ ሲገኝ ባክቴሪያውን በምን እንደሚገድል ገና አልታወቀም ነበር። ተመራማሪዎቹ ውህዱን የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ሆን ብለው አበቀሉና ዘረመላቸውን አነበቡ። ለውጡ የተገኘው ኤቲፒ ሲንቴዝ የተባለውን፣ ለባክቴሪያው ኃይል የሚያመነጨውን ኢንዛይም በሚሠራው ዘረመል ላይ ነበር። ሐኪሞችን ያስመረረው መላመድ እዚህ ላይ መንገድ ጠቋሚ ሆነ። ግኝቱ በ2005 ታተመ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደግሞ በታኅሣሥ 2012 ፈቃድ ሰጠው።

ታካሚው ለሁለት ሳምንት በየቀኑ 400 ሚሊግራም፣ ከዚያ በሳምንት ሦስት ጊዜ 200 ሚሊግራም ከምግብ ጋር ይወስዳል፤ መድኃኒቱ የልብ ምትን ሥርዓት ሊያዛባ ስለሚችልም በየጊዜው የልብ ምርመራ ይደረግለታል። በደቡብ አፍሪካ ቤዳኩሊንን ፕሪቶማኒድና ሊኔዞሊድ ከተባሉ ሌሎች መድኃኒቶች ጋር ለስድስት ወር የወሰዱ 109 ሕሙማን ሲጠኑ 90 በመቶ ያህሉ ጥሩ ውጤት አገኙ፤ ሆኖም ሊኔዞሊድ የብዙዎቹን እግር አደንዝዟል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 በሦስቱ ላይ ሞክሲፍሎክሳሲን የተባለ መድኃኒት የታከለበትን የስድስት ወር ሕክምና መክሯል። ቤዳኩሊንን ባካተተው ስትሪም በተባለ ጥናት ከተሳተፉት አገሮች መካከል ኢትዮጵያም ነበረች።

ቤዳኩሊን በስብ ውስጥ ስለሚሟሟ በሰውነት ውስጥ ለወራት ይቆያል። ሕክምናውን ያቋረጠ ሰው ሰውነት ውስጥ የሚቀረው አነስተኛ መጠን፣ የተረፉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እያስወጡ የሚተፉበትን የሕዋስ ፓምፕ እንዲያጠናክሩ ዕድል ይሰጣል፤ ክሎፋዚሚን የተባለው ነባር መድኃኒትም በዚያው ፓምፕ ይወጣል። ስለዚህ ኬሚስቶች አሁን የሚሠሩት በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ኃይላቸው የበረታ፣ በስብ የመሟሟት ባሕርያቸውና በልብ ላይ የሚያሳድሩት ጫና ግን የቀነሰ ተተኪ ሞለኪውሎችን ነው።