ስለ ስቲቨን ፎስተር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙዎች «ኦ ሱዛና»ን ባለቤት የሌላት፣ በቃል ብቻ የተላለፈች የአሜሪካ የሕዝብ ዜማ አድርገው ይቆጥሯታል። ዘፈኗ ግን እ.ኤ.አ. በ1848 የታተመች የአሜሪካዊው የዘፈን ደራሲ የስቲቨን ፎስተር ሥራ ናት፤ ፎስተርም ያን ጊዜ በሲንሲናቲ ከተማ በወንድሙ ድርጅት የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ወጣት ነበር።

የአሜሪካ ደቡብ ናፍቆት በዘፈኖቹ ስለበዛ የደቡብ ሰው ነበር የሚለው ግምትም ከእውነት የራቀ ነው። ፎስተር በ1826 በሰሜን፣ በፔንሲልቬንያ ግዛት ፒትስበርግ አጠገብ ተወለደ፤ ወደ ደቡብ የዘለቀውም በ1852 ከባለቤቱ ጋር በእንፋሎት መርከብ እስከ ኒው ኦርሊንስ በተጓዘ ጊዜ ነው። የስዋኒን ወንዝ ዝነኛ ያደረገውን «ኦልድ ፎክስ አት ሆም» የተባለ ዘፈን ግን አንድ ዓመት ቀድሞ አሳትሞት ነበር። በረቂቅ ደብተሩ መጀመሪያ የሰፈረው ፒዲ የተባለ የካሮላይና ወንዝ ስም ሲሆን፣ ወንድሙ ሞሪሰን እንደተረከው የተሻለ ስም ፍለጋ አትላስ ገልጠው በፍሎሪዳ ካርታ ላይ ሱዋኒን አገኙ። ስሙ ለዜማው ልክ አንድ ቀለም ስለተረፈው (ገጣሚ ሁሉ የሚያውቀው ጣጣ ነው) ፎስተር አሳጥሮ «ስዋኒ» ብሎ ጻፈው። ፍሎሪዳም እግሩ ረግጧት ሳያውቅ ዘፈኑን በ1935 የግዛቷ መዝሙር አደረገችው።

እነዚህን ዘፈኖች የባሮች ዜማ አድርጎ ማቅረብም ስሕተት ነው። ብዙዎቹ የተጻፉት ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በጥቁሮች ለሚያላግጡበት የመድረክ ትርኢት ሲሆን፣ የቀደሙት ግጥሞች ስድብ የሞላባቸው ናቸው፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። እያደር ግን የባሪያውን ሐዘን እንደ ሰው ሐዘን መጻፍ ጀመረ፤ ራሱ ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1855 «ማይ ኦልድ ኬንታኪ ሆም» የተባለውን የፎስተር ዘፈን ለባሮች ርኅራኄ ከሚቀሰቅሱት መካከል ቆጥሮታል።

ከሥራው ምንም አላገኘም የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። ከአሳታሚዎቹ ጋር በጽሑፍ ተዋውሎ ከሚሸጠው የኖታ ቅጂ ድርሻውን ይቀበል ነበር፤ ችግሩ ከገቢው በላይ ማውጣቱና በ1857 የወደፊት ድርሻውን በአንድ ጊዜ ክፍያ መሸጡ ነው። በጥር 1864 በ37 ዓመቱ በኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል ሲሞት በቦርሳው የተገኘው 38 ሳንቲም ነበር። የስዋኒውን ዘፈን ደራሲነት እንኳ ኤድዊን ክሪስቲ ለተባለ የትርኢት መሪ በገንዘብ ለቆለት ስለነበር፣ በኅትመቱ ላይ ለረጅም ዓመታት የሚነበበው የክሪስቲ ስም ነበር።