የታላቅ ክብ ርቀት ምንድን ነው?

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው በእንጅባራ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አልፎ፣ ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ወርዶና ወደ ጎሐ ጽዮን ወጥቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በሁለቱ ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው የአየር ርቀት ግን 334 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር የሚገኘው ከማረፊያዎቹ ኬክሮስና ኬንትሮስ ተሰልቶ ሲሆን፣ በምድር ገጽ ላይ ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኘው አጭሩ መስመር ርዝመት የታላቅ ክብ ርቀት ይባላል። ታላቅ ክብ ማለት እንደ ምድር ወገብ ማዕከሉ የምድር ማዕከል የሆነ ክብ ነው።

ለቅርብ ከተሞች ስሌቱ ቀላል ነው። ባሕር ዳርና ቦሌ በኬክሮስ 2.63 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ይህ 292 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኬንትሮስ ልዩነታቸው 1.48 ዲግሪ ቢሆንም፣ የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ በተጠጉ ቁጥር ስለሚቀራረቡ በአካባቢው ኬክሮስ ኮሳይን ተባዝቶ 162 ኪሎ ሜትር ይወጣል። ቀሪው የፓይታጎረስ ሥራ ነው፤ የሁለቱ ቁጥሮች ካሬዎች ተደምረው የድምሩ ካሬ ሥር ሲወሰድ 334 ይገኛል።

ርቀቱ ሲረዝም ግን ምድርን እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ አድርጎ ማስላት ያሳስታል። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዳላስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ ያለውን ለማግኘት የሁለቱ ኬክሮሶች ሳይኖች ይባዛሉ፤ በዚህም ላይ የኬክሮሶቹ ኮሳይኖች ብዜት በኬንትሮስ ልዩነታቸው ኮሳይን ተባዝቶ ይደመራል። ድምሩ ከምድር ማዕከል የሚታየው አንግል ኮሳይን ነው፤ አንግሉ 104 ዲግሪ ያህል፣ ርቀቱም 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ቀመሩ ለከበደው ሰው ከእንዝርት የተመዘዘ ፈትልና የትምህርት ቤት ሉል ይበቃሉ፤ እኔ ራሴ ነገሩ የገባኝ በፈትሉ ነው። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዘው ሲወጥሩት፣ ክሩ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ወደ አትላንቲክ ይገባል፤ ዋሽንግተን 39ኛው ዲግሪ ላይ ሆና ሳለ ክሩ እስከ 45ኛው ዲግሪ ድረስ ወደ ሰሜን ይወጣል። በግድግዳ ላይ በሚሰቀለው የመርካተር ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረውን መስመር የሚከተል አውሮፕላን ግን 12,090 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። በአውሮፕላን ስክሪን ላይ መንገዱ ጎብጦ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የጎበጠው ካርታው እንጂ በረራው አይደለም።

ምድር ፍጹም ሉል ባለመሆኗ፣ ማለትም የወገቧ ሬዲየስ 6,378፣ የዋልታዋ ደግሞ 6,357 ኪሎ ሜትር በመሆኑ፣ አማካዩን 6,371 ይዞ የተሰላ ርቀት እስከ ግማሽ በመቶ ሊሳሳት ይችላል። በተግባር የሚበረረው ርቀትም ከስሌቱ ይበልጣል፤ አብራሪዎች የተዘጋ የአየር ክልል ይዞራሉ፣ ከፊት የሚመጣ ኃይለኛ ነፋስ ይሸሻሉ፣ ለማረፍም ከመንደርደሪያው አቅጣጫ ጋር ለመግጠም ይዞራሉ።