ሊን ኮንስትራክሽን፦ የሀዋሳ ሳይቶች ሥራቸውን በምን ይለኩ?

ሀዋሳ ውስጥ አንድ ሳይት ገብታችሁ «ሥራው የት ደረሰ?» ብትሉ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት «60 በመቶ» ዓይነት መልስ ነው። ቁጥሩ የሚመጣው ከክፍያ ሰርተፊኬት ነው። ስንት ብር እንደተጠየቀ ይናገራል፤ ብረት አሳሪው ፌራዮ ብረት እየጠበቀ ሁለት ቀን መዋሉን ግን አይናገርም። ሊን ኮንስትራክሽን የሚባለው አሠራር አጥብቆ የሚከታተለው ይህንን ነው፦ ሥራው ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው ሳይቆም ይተላለፋል ወይ?

ሐሳቡ ከቶዮታ የአመራረት ዘዴ የተቀዳ ነው። ፊንላንዳዊው ላውሪ ኮስኬላ እ.ኤ.አ. በ1992 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በኩል ባወጣው ጥናት ይህን አስተሳሰብ ወደ ግንባታ አመጣው። ከዚያ ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃውል ላስት ፕላነር የሚባለውን የዕቅድ ዘዴ አዳበሩ። እዚህ ላይ የሳምንቱ ዕቅድ ከቢሮ ወርዶ የሚለጠፍ ወረቀት አይደለም። ሥራውን የሚያሠራው ፎርማን ራሱ «ይህን እጨርሳለሁ» ብሎ ቃል ይገባል።

መለኪያውም የሚነሳው ከዚህ ቃል ነው። ፒፒሲ ይባላል፤ ከታቀዱት ሥራዎች ስንቱ ሙሉ በሙሉ አለቀ ማለት ነው። ለሳምንቱ 20 ሥራ ታቅዶ 13 ካለቀ 65 በመቶ ነው። ሶሌታው፣ ማለትም የወለሉ አርማታ፣ «ትንሽ ነው የቀረው» ከተባለ ዜሮ ነው የሚያዘው። ጭካኔ ይመስላል፣ ግን ልክ ነው፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚገባው ባለሙያ ባላለቀ ሥራ ላይ መጀመር አይችልም።

ከመቶኛው ይልቅ ግን ዋናው ሀብት ያለው ካላለቁት 7 ሥራዎች ጎን በሚጻፈው ምክንያት ላይ ነው። ሲሚንቶ አልመጣም፣ መብራት ጠፋ፣ ዝናብ ጣለ፣ ድሮዊንጉ ተቀየረ፣ አማካሪው መሐንዲስ መጥቶ ብረቱን አላየም። ይህ ለሁለት ወር ያህል በትክክል ከተመዘገበ፣ ሁሉም ሰው «የሲሚንቶ ችግር ነው» ሲል የኖረበት ሳይት ዋና ችግሩ የፍተሻ መዘግየት ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ያ ደግሞ በአንድ ስልክ የሚስተካከል ነገር ነው።

ሌሎችም መለኪያዎች አሉ። ወደፊት የሚመጡትን ስድስት ሳምንታት እያዩ ዕቃው፣ ሰዉና ፈቃዱ የተሟላላቸውን ሥራዎች መቁጠር አንዱ ነው። አንድ ኩብ አርማታ ለመሙላት የፈጀው የሰው ሰዓትም ይለካል፤ የአንዱን ፎቅ ሶሌታ ሞልቶ የቀጣዩን እስከ መሙላት ያለው ቀንም እንዲሁ።

በቁርጥ የሚሠራ ሥራ ላይ ግን ልብ በሉ። ብሎኬት ደርዳሪው በቁርጥ ስለሚከፈለው ይሮጣል፣ ብቻውን ሲለካ ጎበዝ ነው፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ቱቦ ሳያስገባ ግድግዳው ካለቀ ግን ነገ ተመልሶ ይፈነቀላል። የእያንዳንዱን ሰው ፍጥነት ብቻ መለካት እንዲህ ያታልላል።

ፍጥነት ካነሳን አይቀር፣ የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ9 ወር ገደማ ተገንብቶ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለ ፈጣን ግንባታ ሲወራ የሚጠቀስ ምሳሌ ነው። የአንድ ግለሰብ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያን ዓይነት አቅም የለውም። ሥራውን የሚመዘግብበት ደብተር ግን አያጣም። ሥራን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ማሻሻል የሚለው የጃፓኖች አሠራር፣ ካይዘንም ቢሆን ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ የካይዘንና የሊን ሥር ደግሞ አንድ ነው።

አሠራሩን የሚገድለው መረጃውን ለቅጣት መጠቀም ነው። ፒፒሲው ዝቅ ባለ ቁጥር ፎርማኑ ከተገሠጸ በሚቀጥለው ሳምንት ቀላል ቀላሉን ብቻ ያቅዳል፣ ቁጥሩ 95 ይገባል፣ ሕንፃው ግን ፈቀቅ አይልም። ስለዚህ ለመጀመር የሚያስፈልገው አራት ዓምድ ያለው ሰሌዳ ነው፦ ሥራው፣ ቃል የገባው ሰው፣ አለቀ ወይስ አላለቀም፣ ለምን። ቅዳሜ ከሥራ በፊት የሠራተኛ ቡድን መሪዎቹ ካቦዎችም ባሉበት ይሞላ።