ሐይቅን ከንጥረ ነገር ብክለት መጠበቅ

ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መርዝ አይደሉም፤ የተክል ምግብ ናቸው። ሐይቅን የሚጎዱት ሲበዙ ነው። ከእርሻ የታጠበ ማዳበሪያ፣ የከብት ፍግ፣ በቅጡ ያልተጣራ የከተማ ፍሳሽ፣ ጎርፍ የጠረገው አፈር፣ ሁሉም መጨረሻው ሐይቅ ነው። ይህን ሲሳይ ያገኘ አልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚያድግ ደቃቅ ተክል መሰል ሕይወት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሃውን ያለብሰዋል። ሲሞት ወደ ታች ይሰምጣል። ባክቴሪያዎች ሲያበሰብሱት ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ዓሣውም ታፍኖ ያልቃል።

አንዳንዱ አልጌ ከዚህም ይብሳል፤ መርዝ ያመነጫል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 በአሜሪካ የቶሌዶ ከተማ ከ400,000 በላይ ሰው የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጣ ተነገረው። የውሃው ምንጭ ኢሪ ሐይቅ ነበር። አፍልቶ መጠጣትም አያዋጣም፤ መርዙ በመፍላት አይጠፋም።

ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ዋናው ጥፋተኛ የቱ ነው? መልሱን ቁልጭ አድርጎ ያሳየው በካናዳ ያለው 226 ቁጥር ሐይቅ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ወገቡ ጠበብ ያለውን ይህን ሐይቅ በፕላስቲክ መጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ በኩል ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። በሌላው በኩል በእነዚያ ላይ ፎስፈረስ አከሉበት። ፎስፈረስ የገባበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው ጠቆር እንዳለ ቀረ። ከአየር የተነሳው ፎቶ ከብዙ ክርክር በላይ አሳማኝ ነበር። የአልጌውን ብዛት ናይትሮጅን የሚወስንባቸው ሐይቆችም አሉ፤ ቢሆንም ጨዋማ ባልሆነ ውሃ ብዙ ጊዜ መጀመር ያለበት ከፎስፈረስ ነው።

የከተማ ፍሳሽ በአንጻሩ ቀላል ነው። የሚወጣበት ቧንቧ ይታወቃል፤ ፎስፈረሱን በብረት ወይም በአሉሚኒየም ጨው ማስቀረት ይቻላል። ሲያትል አጠገብ ያለው የዋሽንግተን ሐይቅ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ፍሳሹ ከሐይቁ እንዲርቅ ተደረገ። የውሃ ጥራት የሚለካበትን ሳህን በገመድ ሲያወርዱት፣ ቀድሞ አንድ ሜትር ሳይሞላ ከዓይን ይሰወር ነበር። በ1968 ግን እስከ ሦስት ሜትር ገደማ ይታይ ጀመር።

እርሻ ላይ ነው ፈተናው። ብክለቱ ከየማሳው ትንሽ ትንሽ እየተጠራቀመ ስለሚመጣ ይሄ ነው ብሎ የሚዘጋ አንድ በር የለም። አፈሩን መርምሮ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ማዳበር፣ ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል አለመበተን፣ እርከን መሥራት፣ በወንዝ ዳር ሣርና ዛፍ መተው ይረዳል። ፎስፈረስ ከአፈር ጋር ስለሚጣበቅ አፈሩን የያዘ እሱንም ያዘ። በውሃ የሟሟው ግን የሣሩን አጥር ያልፋል። ለዚህ ነው መጠኑን ከምንጩ መቀነስ የግድ የሚሆነው።

ያም ሆኖ ሐይቁ ቶሎ ላይሻለው ይችላል። ለዓመታት የተከማቸ ፎስፈረስ ደለሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ የታችኛው ውሃ ኦክስጅን ሲያጣ ተመልሶ ይወጣል። ደለሉን ጠርጎ ማውጣት ወይም በአሉሚኒየም ጨው ማሰር ይቻላል። ወጪው ግን ከባድ ነው። ከውጭ የሚገባው ሳይቀንስ ከተሠራ ደግሞ አዲስ ደለል ላዩ ላይ ይተኛና ልፋቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከንቱ ይቀራል።